አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት፤ ከወህኒ ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ወህኒ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ የሸዋ ሮቢትን ቆላ ካቋረጠ በኋላ በአጣዬና በሰንበቴ አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። በ1950ዎቹ ዓመታት ግን እንዲህ ያለ ዞን አልነበረም፤ የአሁኑ ዞን መሬት አንዱ ክፍል በወሎ፣ ሌላው ክፍል በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሆኖ በየአውራጃውና በየወረዳው ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። በቦርከና ዳር የሚያርስ ወይም ከብት የሚያረባ አንድ ባላገር በደል ደርሶበት አቤት ለማለት ሲነሣ፣ ከፊቱ የሚጠብቀው መሰላል ረጅም ነበር። ከ1939 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ለትንንሹ ነገር አጥቢያ ዳኛ ተደንግጎለታል። ከዚያ በላይ የወረዳው፣ የአውራጃውና የጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች፣ ከእነዚያም በላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይከተላሉ። ነገሩ የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም የውርስ የሆነ እንደሆነ፣ የአገሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ በ1936 ዓ.ም. አዋጅ መልክ ወደ ተሰጣቸው ወደ ናኢባና ወደ ቃዲ ምክር ቤቶች ይሄድ ነበር።

በመደበኛው መሰላል ጫፍ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀምጧል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ የዚህን ፍርድ ቤት ሊቀ መንበርነት የሰጠው ለአፈ ንጉሡ ነው። ስሙ ራሱ የሹመቱን ጠባይ ይናገራል። አፈ ንጉሥ የንጉሥ አፍ ማለት ነውና፣ ዳኛው የሚፈርደው በራሱ አንደበት ሳይሆን በንጉሡ አንደበት ነው የሚል ጥንታዊ ትርጓሜ ነበረው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ይህን ማዕረግ ይዘው፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የፍርድ ሚኒስትር ሆነዋል። አዋጆችና ሕገ መንግሥቶች ከመጡ በኋላ ስሙ ሳይለወጥ ሥራው እንዲለወጥ ተፈለገ፤ አፈ ንጉሡ የሕግ አፍ እንዲሆን ታሰበ። ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደ ሠመረ ለማየት ደግሞ ከ1950 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሰው ሕይወት ከመመርመር የተሻለ መንገድ አይገኝም። እኚህ ሰው ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው።

ታከለ ወልደ ሐዋርያት በ1892 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ለአብዛኛው የሕይወታቸው ዘመን ብላታ ታከለ በሚለው ስም ታውቀዋል፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በዚሁ ነው። ከጠላት ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዲሬክተር ነበሩ። በዚያ ዘመን ከተማይቱ ገና ከድንኳንና ከአጥር ግቢ ወደ መንገድና ወደ ድንጋይ ቤት የምትሸጋገር ስለ ነበረች፣ የማዘጋጃ ቤት ሹም ሥራ ከብዙ ሰው ጋር የሚያጋጭና ቆራጥነትን የሚጠይቅ ነበር። ታከለ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ከሆኑት፣ ለሥራም ትጉ ከሚባሉት ሹማምንት መካከል ይቆጠሩ ነበር። በኋላ የመጣው ሁሉ የሚገርመው ይህን ስናስታውስ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ተሰብስበው ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ወጥተው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ይከራከሩ ወይስ በአገር ውስጥ ሆነው ይዋጉ የሚለውን አሳብ መከሩበት። አብዛኞቹ መሄዱን ደገፉ። ታከለ በጽኑ ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ንጉሥ አገሩን ጥሎ አይወጣም የሚል እምነት ነበራቸው፤ ይህንንም በሰው ፊት ከመናገር አልተመለሱም። ስለዚያ ዕለት በአፍ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ሽጉጥ ሳይቀር ይገባበታል። ትረካው ቢበዛም ፍሬ ነገሩ አከራካሪ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወጡ፤ ጣልያኖች ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱን ያዙ፤ ታከለም ወደ ዱር ገብተው አርበኛ ሆኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ሰዎች መካከል የተከፈተው ቁስል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይድን ኖረ። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ያለ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት ይቻል እንደ ሆነ ከጠየቁት ሰዎች ጋር የታከለ ስም አብሮ ይነሣል። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ጦር ታግዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ታከለ ከተቀበሏቸው ይልቅ መመለሳቸውን ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። አገር ጥሎ የሄደ ሰው ተመልሶ በአልጋው መቀመጥ የለበትም ማለታቸው ነው። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ታሰሩ። የፍርድ አስተዳደር አዋጅ የወጣውም በዚሁ ዓመት ነው።

ይህ የመጀመሪያው እስራት ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1937 ዓ.ም. አካባቢ ሲፈቱ ወደ ርስታቸው ገብተው እንዲቀመጡ አልተደረገም፤ ምክትል አፈ ንጉሥ ተብለው ተሾሙ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ትናንት በሤራ ተጠርጥሮ በወህኒ የነበረ ሰው ዛሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ችሎት ሁለተኛ ዳኛ ሆነ። ሰውየው በደለኛ ከነበሩ ለዳኝነት ሊሾሙ አይገባም ነበር፤ ንጹሕ ከነበሩ ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል ያሳሰራቸው ባለሥልጣን ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ከሁለቱ አንዱም አልሆነም። መታሰራቸውም መፈታታቸውም መሾማቸውም የመነጩት ከአንድ ቦታ፣ ከቤተ መንግሥት ነው። ሹም ሽር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ሹሙ ዛሬ ይነሣል፣ ነገ ይመለሳል። የዳኛ ወንበር ግን እንደ አውራጃ ገዥነት ሊሾምበትና ሊሻርበት የማይገባ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ በልምድ አልታወቀም ነበር።

ምክትል አፈ ንጉሥነቱ ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1930ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ታከለ እንደ ገና በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተዶልቷል በተባለ ሤራ ተይዘው ወህኒ ወረዱ። ይህ ሁለተኛው እስራት እስከ 1946 ዓ.ም. ገደማ ሲዘልቅ ከሁሉም የረዘመው ነው፤ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። ሲወጡ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። አሁንም ሹመት ጠበቃቸው። በ1947 ዓ.ም. ገደማ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወይም በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሙሉ አፈ ንጉሥ ተብለው በጠቅላዩ ፍርድ ቤት ራስ ላይ ተቀመጡ።

በዚያን ዕለት የሚያውቋቸው ሰዎች እንደ ወጉ ሹመት ያዳብር ብለዋቸው ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሕዝብ ለተሿሚ ዳኛ የሚያቀርበው ቃል አልነበረም። ጥያቄ የሚቀርብበት ሸንጎ የለም፤ መዝገብ የሚያገላብጥ ኮሚቴ የለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞችን የመሾምን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቷል። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው ከታከለ ሹመት ጋር በሚቀራረብ ጊዜ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን የከፍተኛ ዳኞች ስም ለዚያ ምክር ቤት እንዲቀርብ የሚያዝዝ ሕግ አልነበረም። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሲሚንቶውና ብረቱ ሳይፈተን ኮንክሪት አያፈስም፤ የአንድ ሕዝብ ነጻነት የሚያርፍበት ምሰሶ ግን ሳይፈተን ይቆም ነበር።

ፈተና ቢኖር ኖሮ ምን ይጠየቅ ነበር? ጥያቄው የተፈጠረ ቅንጦት አይደለም፤ መለኪያው በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ነበርና። ገና በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ደንግጓል። የ1948ቱ ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዝዟል። ይህ ቃል የሕግ ኃይል ሲያገኝ ታከለ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበሩ። ይህ ሚኒስቴር ጠቅላይ ገዥዎቹንና ፖሊሱን የሚያዝዝ፣ እስረኛውና ግዞተኛው በእጁ የሚያልፍ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ለአፈ ንጉሥነት ሲታጩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው እነዚያ ሁለት ዓመታት ነበሩ። በየአውራጃው ያለ ፍርድ የተያዙትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲቀርብላቸው ጠይቀው ያውቁ ነበርን? የ48ቱን ሰዓት ትእዛዝ ለከሚሴም ይሁን ለጎሬ የወረዳ ገዥ እንዲደርስ አድርገዋልን? ራሳቸው በታሰሩበት ዓይነት የታሰረ አንድ ሰው እንኳ አስፈትተዋልን? መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ጥያቄው በአደባባይ አልቀረበላቸውም።

በሌላ አገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ያን ጊዜ የተለመደ ሆኖ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት በ1930 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሁቨር ጆን ፓርከር የተባሉትን የይግባኝ ዳኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጩ። የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር የሰውየውን የአሥር ዓመት ንግግር ፈልፍሎ አወጣ፤ ፓርከር በ1920 እ.ኤ.አ. ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ጥቁሮች በፖለቲካ መካፈላቸውን የሚነቅፍ ቃል ተናግረው ነበር። የሠራተኛ ማኅበራትም በፍርዳቸው ምክንያት ተቃወሟቸው። ሴኔቱ በ41 ድምፅ ለ39 ጣላቸው። ይህ አሠራር ከስሕተት የጸዳ ነበር ለማለት አይቻልም። ከዚያ በፊት በ1916 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ብራንዳይስ ሲታጩ ምርመራው ከአራት ወር በላይ የተራዘመው በሕዝባዊ ጥብቅናቸውና በአይሁድነታቸው የተነሣ ጭምር ነበር፤ በመጨረሻው ግን በ47 ድምፅ ለ22 አልፈው የነጻነት ጠበቃ የሆኑ ታላቅ ዳኛ ወጣቸው። የተጣሉት ፓርከር ደግሞ በይግባኝ ወንበራቸው ላይ ቆይተው በኋላ ለጥቁሮች የሚጠቅም ፍርድ ፈርደዋል። ምርመራ የሰውን የወደፊት ጠባይ በእርግጥ አይተነብይም። ነገር ግን ተሿሚው ከወንበሩ በፊት ሕዝብ ስለ ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል፤ ሕዝቡም ማን እንደሚፈርድበት ያውቃል።

የታከለን ሹመት አስመልክቶ አንድ መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። አሥር ዓመት የታሰረ ሰው የእስረኛን ሕመም ያውቃል፤ ከእርሱ የተሻለ የነጻነት ጠባቂ ከየት ይገኛል? አሳቡ ልብ ይነካል፤ ሆኖም አጥጋቢ አይደለም። የደረሰበት በደል አንድ ነገር ነው፣ የጠበቀው መብት ሌላ ነገር ነው። ታከለ በሕይወታቸው ሁሉ የታገሉት አልጋው ላይ ከተቀመጠው ሰው ጋር ነበር። አንድ ሰው ሌላውን ያለ ፍርድ እንዲያስር የሚያስችለውን ሥርዓት ከሰውየው ለይተው የተቃወሙበት ሥራ ጎልቶ አይታይም። ጠባቸው የሐቀኛ አርበኛ ጠብ ነው፤ የአገር ፍቅራቸውንም ማንም አይነካውም። ነገር ግን ለአንድ ዳኛ የሚያስፈልገው ከጀግንነት የተለየ ነገር ነው፤ የሚጠላውን ሰው መብት እንደሚወድደው ሰው መብት የመጠበቅ ልማድ ነው። ይህን ልማድ በወህኒ ቤትና በቤተ መንግሥት መካከል ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ከየት ይማሩት ነበር? ለእሳቸው ፍትሕ ለማድረግ ያህል ይህም መነገር አለበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ለምን እንደ ሾሟቸው መገመት አያስቸግርም። የተፈራን ሰው ከመንግሥት ውጭ ከመተው አጠገብ አድርጎ ማሠራት የቆየ የቤተ መንግሥት ጥበብ ነው። አፈ ንጉሥነት ክብሩ ትልቅ፣ ወታደሩ ግን የሌለው ሥልጣን ነው። ከዚህም በላይ ከጠቅላዩ ፍርድ ቤት ፍርድ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ የዙፋን ችሎት ነበር፤ ከከሚሴም ሆነ ከሌላ አገር የመጣ ባለ ጉዳይ የአፈ ንጉሡ ፍርድ ካላረካው ወደዚያ አቤት ይል ነበር። እንግዲህ ሤረኛ የተባሉት ዳኛ የሚሰጡትን ፍርድ፣ ሤራው የተነጣጠረባቸው ንጉሠ ነገሥት ሊያነሡት ይችሉ ነበር። ታከለ የተሾሙት የእስራት ታሪካቸው ተዘንግቶ አይደለም። ያ ታሪክ ስለ ታወቀ፣ ሰውየውም ከክብር ጋር እንዲታሰሩ ስለ ተፈለገ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ እነዚያ አራት ዓመታት ለኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ ከቀደሙት ዘመናት ሁሉ የበለጡ መሆናቸው ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ የንግድ ሕጉና የባሕር ሕጉ ወጡ። ከፍትሐ ነገሥትና ከየአገሩ ልማድ ወደ ተጻፈ የዘመን ሕግ የሚደረገው ሽግግር የወደቀው በአፈ ንጉሥ ታከለ ዘመን ነው። ከታችኛው ፍርድ ቤት የሚነሣ ስሕተት ታርሞ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው ከላይ በሚሰጠው ፍርድ ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ በጠቅላዩ ፍርድ ቤት የሚቀመጠው ሰው ሌላ ጭንቀት ሳይኖርበት፣ ሳይፈራና ሳይፈራ-ሳይባል ሥራውን ሊሠራ ይገባ ነበር።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የተነሣውም በዚሁ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ሥልጣን ለመያዝ ሞከሩ፤ ተይዘው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጥይት ተገደሉ። ገርማሜ ሲሞቱ ጄኔራሉ ችሎት ቀርበው ተፈርዶባቸው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥት ጥርጣሬ ጨመረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የማይነኩ ናቸው የሚለው እምነትም ተሰነጠቀ። ታከለ የስንጥቁን ድምፅ የሰሙ ይመስላል።

ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ምርመራው ካላለቀም በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከአሥራ አራት ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ይደነግጋል። ፖሊስና ዳኛ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት ድንበር በግልጽ የተሠመረው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉ በወጣበት ሰሞን፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በኅዳር 1961፣ የአገሪቱ የበላይ ዳኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሤራ አውጥነዋል ተብለው ተያዙ። ለሦስተኛ ጊዜ ወህኒ ወረዱ። አፈ ንጉሡ የአዲሱን ሕግ መጽሐፍ በችሎት ላይ ገልጠው ለመሥራት ጊዜ አላገኙም።

ስለ ሤራው እውነትነት የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው፤ ታከለ ዓላማቸውን የሚደብቁ ሰው አልነበሩምና። እንግዲህ ነገሩ በሁለቱም ወገን መታየት አለበት። ቤተ መንግሥቱ ዳኛን እንደ ማንኛውም ሹም አነሣ፤ አሠረም። ዳኛውም በበኩላቸው ሕግ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ በመቍጠር፣ በቀን በችሎት ተቀምጠው በሌሊት ሌላ መንገድ ፈለጉ። የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ራሳቸው በፍርድ ቤት ኃይል ካላመኑ፣ ከሚሴ ገበያ ላይ በሕግ አምላክ ብሎ የሚጮህ ሰው ጩኸቱ የት ሊደርስለት ነው? ይህ ወቀሳ የሚከብደው በታከለ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሹመቱን በሰጠው አሠራር ላይ ይበረታል። መዝገባቸው ቢመረመር ኖሮ፣ ይህ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ በሥልጣን እስካሉ ድረስ በችሎት ጸጥ ብለው እንደማይቀመጡ ሁለቱ የቀደሙት እስራቶች ብቻ በበቁ ነበር።

በመስከረም 1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያቀርብበት ሥርዓት ተደነገገ። ዳኛው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ያሰረው ሹም እስረኛውን ይዞ ቀርቦ በምን ሥልጣን እንዳሰረ ማስረዳት ይኖርበታል። ሕጉ ሲታወጅ የቀድሞው አፈ ንጉሥ ገና በእስራት ላይ ነበሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ተፈቱ። በዚህ ጊዜ ሹመት አልተከተለም።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ዕድሜ የልጅ ልጅ ሰብስቦ የአርበኝነት ወሬ ያወራ ነበር። ታከለ ግን በ1928 ዓ.ም. የጀመሩትን ነገር ሳይፈጽሙ ማረፍ አልፈለጉም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የመጨረሻው ሤራቸው ታወቀባቸው። ፖሊሶች ሊይዟቸው ሲመጡ እጃቸውን አልሰጡም፤ መሣሪያቸውን ይዘው ተታኩሰው ሞቱ። ሦስት ጊዜ የታሰሩት፣ አንድ ጊዜ ምክትል፣ አንድ ጊዜ ሙሉ አፈ ንጉሥ የነበሩት ሰው በአራተኛው ጊዜ ወደ ችሎትም ወደ ወህኒም አልሄዱም።

የአፈ ንጉሥነት ወንበር ከእሳቸው በኋላ ዕድሜው አጭር ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲያስገድል፣ ከሟቾቹ አንዱ አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅ ነበሩ። የአገሪቱ የበላይ ዳኛ የነበሩ ሰው ክስ ሳይነበብላቸው በጥይት ተገደሉ። ማዕረጉም ከዘውዱ ጋር ቀረ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አሠራሩን ለውጧል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። በክልል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት የሚያቀርበው ርእሰ መስተዳድሩ፣ የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሌሎቹን ዳኞች የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ከማቅረቡ በፊት ግን በክልሉ የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕጩዎች ላይ የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት። አስተያየቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣ ምክር ቤቱ ሹመቱን ሊያጸድቅ ይችላል። አንቀጽ 81 ማን አቅርቦ ማን እንደሚሾም ይዘረዝራል፤ ዕጩው ስለ ሰው ነጻነት ምን ሠርቶ እንደ ነበረ ይጠየቅ የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም። የ48 ሰዓቱ ድንጋጌ በአንቀጽ 19 እንደ ገና ተጽፏል። በከሚሴ የሚያስችሉት ዳኞች ስም ዝርዝር የሚነበበው ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በባሕር ዳር፣ በክልሉ ምክር ቤት አዳራሽ ነው፤ አባላቱም እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ይሰጡበታል።